ወንፈል እንጂ ደቦ አይደለም፦ በቆቦና በራያ ቆላ የግል የሂሳብ ባለሙያዎች መደጋገፍ

(በፋኩልቲው ይፋዊ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የሂሳብ አያያዝን መርሖች፣ የኦዲትን ሥርዓትና የግብርን ሕግ በየዓመቱ እናስተምራለን። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ብቻውን ስለሚሠራው ሰው ግን እምብዛም አንናገርም። በአንዲት አነስተኛ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ መደርደሪያ ይዞ፣ የብዙ ነጋዴዎችን መዝገብ የሚያዘጋጅ የሂሳብ ባለሙያ ሲጠራጠር ማንን ይጠይቃል? ሲታመም ማን ይተካዋል? ደንበኛው ያልሆነውን እንዲጽፍለት ሲጫነው እምቢ የሚልበትን አቅም ከየት ያገኛል?

እነዚህ ጥያቄዎች የባለሙያው የግል ጉዳይ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ በዚህ መድረክ ባላነሣኋቸው ነበር። ባለሙያው ብቻውን በመሆኑ የሚመጣው ጉዳት ግን የሚያርፈው በዋናነት በሌላ ሰው ላይ ነው፤ መዝገቡን አምኖ በሰጠው ነጋዴ፣ መዋጮዋን በከፈለች የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል፣ የውሃ ክፍያውን በከፈለ ገበሬ ላይ።

የዛሬው ሐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። በትንሽ ከተማ የሚሠራ የግል የሂሳብ ባለሙያ፣ ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ብቻውን ሆኖ አስተማማኝ አገልግሎት ሊሰጥ አይችልም። የሚያስፈልገው የመደጋገፍ ሥርዓትም በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስቦ የሚበተን ጉባኤ ሳይሆን፣ እየተቆጠረ የሚሰጥና እየተቆጠረ የሚመለስ የሥራ ልውውጥ ነው። ይህን ልዩነት የአገራችን ገበሬ በሁለት ቃላት ለይቶ ያውቀዋል፤ አንዱን ደቦ፣ ሌላውን ወንፈል ይለዋል።

ስፍራውና መዝገቡ

ቆቦ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከወልድያ በስተሰሜን ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በምዕራብ ከደጋው ተዳፋት፣ በምሥራቅ ከዞብል ተራሮች መካከል የተዘረጋው ሜዳ የማሽላና የጤፍ አገር ነው፤ መስኖ በደረሰበት ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረትበታል፤ ከብት፣ ፍየልና ግመልም ለገበያ ይቀርብበታል። ከቆቦ እስከ ሮቢትና ጎቢዬ ያለው ንግድ ከዚህ ምርት የሚነሣ ነው።

የእህል ነጋዴውን መዝገብ እንመልከት። ማሽላውን የሚገዛው ደረሰኝ ከሌለው ገበሬ ነው፤ የሚሸጠው ደግሞ ደረሰኝ ለሚጠይቅ ጅምላ ነጋዴ ነው። ስለዚህ ሽያጩ በሰነድ የተደገፈ፣ ግዥው ግን በቃልና በእምነት የተፈጸመ ይሆናል። ሰነድ የሌለው ወጪ ተቀባይነት ካጣ፣ ነጋዴው ባላገኘው ትርፍ ላይ ግብር ሊጠየቅ ነው። ሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ባይኖረው ከክፍያው ላይ ተቀናሽ የሚደረገው ግብር፣ በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ የምንለው፣ እንዴት ይስተናገዳል? ለግዥ ማረጋገጫ የሚሆነው ቫውቸር በምን መልክ ይዘጋጃል? ይህ የዳር ጥያቄ አይደለም፤ የአንድ የቆላ ከተማ ንግድ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው። በአንድ ገበያ ጎን ለጎን የሚነግዱ ሁለት ነጋዴዎች ሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች ዘንድ ቢሄዱ፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። መልሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነጻጽር ግን የለም።

ሁለተኛ ምሳሌ ከመስኖው ልውሰድ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም አማካይነት በሜዳው ላይ የከርሰ ምድር ውሃ ጉድጓዶች ተቆፍረው በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠራ መስኖ ተስፋፍቷል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኙበት መንገድ ተከፍቷል። እንበልና አንድ ማኅበር ከአባላቱ የሚሰበስበው የውሃ ክፍያ የኤሌክትሪክ ሂሳቡንና የጥበቃውን ደመወዝ ብቻ የሚሸፍን ነው። መዝገቡ በየዓመቱ ሳይጎድል ይዘጋል፤ አባላቱም ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን የፓምፑ የእርጅና ቅናሽ አልተያዘም፤ ለመተኪያም የተቀመጠ ገንዘብ የለም። ፓምፑ በተቃጠለ ዕለት ማኅበሩ ድሃ መሆኑን ያውቃል፤ ድሃ የሆነው ግን ያን ዕለት ሳይሆን ከዓመታት በፊት ነው። ያንን አስቀድሞ ማየትና መናገር የሂሳብ ባለሙያው ሥራ ነበር። ሁለተኛ ዐይን ያየው መዝገብ ቢሆን ኖሮ «የፓምፑ ቅናሽ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም ነበር።

የሕጉ ሸክም

በአገራችን ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ በሕግ መገደዱ አዲስ ነገር አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ይህን ግዴታ በግልጽ ደንግጎት ነበር፤ በምትኩ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243/2013ም አጽንቶታል። አዲስ የሆነው የሕጉ ብዛትና የለውጡ ፍጥነት ነው።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃ መድቦ፣ ዓመታዊ ሽያጫቸው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነውን በደረጃ «ሀ»፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ብር ያለውን በደረጃ «ለ»፣ ከዚያ በታች ያለውን በደረጃ «ሐ» አስቀምጦ ነበር። የ2017ቱ ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደግሞ ደረጃዎቹን ወደ ሁለት አውርዶ ወሰኑን 2 ሚሊዮን ብር ላይ አደረገው። የተጨማሪ እሴት ታክሱም አዋጅ ቁጥር 285/1994 በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተክቷል። የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 847/2006 አገሪቱን ወደ ዓለም አቀፉ ደረጃ አሻግሯታል። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ከታተመ ወዲህ በ2015 እና በ2025 ተሻሽሏል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 በበኩሉ የማኅበራቱ ሂሳብ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ያዛል።

በዚህ ላይ የፌዴራል ሥርዓታችን የፈጠረው ድርብነት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 በግለሰብ ነጋዴዎች ላይ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣንን ለክልሎች ሰጥቷል። ስለሆነም የቆቦ ባለሙያ ደንበኛው ግለሰብ ነጋዴ ሲሆን የክልሉን ሕግ፣ ደንበኛው የንግድ ማኅበር ሲሆን ሌላውን ሕግ፣ ጎን ለጎን መከታተል አለበት። በአዲስ አበባ ያለ ትልቅ ድርጅት ለግብር አንድ ክፍል፣ ለኦዲት ሌላ ክፍል አቋቁሞ ሥራውን ይከፋፈላል። የቆቦው ባለሙያ ግን ሁሉንም ክፍል በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሠራል።

ሦስቱ ብቸኝነቶች

የዚህን ሰው ብቸኝነት በሦስት ከፍዬ አየዋለሁ።

የመጀመሪያው የዕውቀት ብቸኝነት ነው። ስለዚህ ብዙም መናገር አያስፈልገኝም፤ ቀደም ሲል የዘረዘርኋቸውን አዋጆች አንድ ሰው ብቻውን አንብቦ፣ መመሪያዎቻቸውን ተከታትሎ፣ ከሥራው ጋር አዛምዶ ሊዘልቅ እንደማይችል ግልጽ ነው። አደገኛው ግን አለማወቁ አይደለም። አደገኛው፣ ያወቀ መስሎት የቀረው የቀድሞ ሕግ ነው። ጠያቂ የሌለው ሰው ዕውቀቱ ማርጀቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛው የጊዜ ብቸኝነት ነው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የታክስ ውሳኔ የደረሰው ሰው ቅሬታውን በ21 ቀናት ውስጥ እንዲያቀርብ ይወስናል። በቅሬታው ላይ የተሰጠውን ውሳኔ የሚቃወም ደግሞ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን በ30 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት አለበት። 21 ቀን ምን ያህል ነው? ለአንድ ጤነኛ ባለሙያ በቂ ነው። በወባ ወድቆ ለሰነበተ፣ ወላጁን ለማስታመም ወደ ደሴ ለሄደ፣ ወይም ለወለደች ባለሙያ ግን እንደ አንድ ቀን ያልፋል። ነጋዴው ደብዳቤውን ተቀብሎ ወደ ባለሙያው ቢሮ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ነገ እመለሳለሁ እያለ ቀኑን ይጨርሳል። ያ ነጋዴ በክርክሩ ተሸንፎ መብቱን አላጣም፤ መብቱን ያጣው አንድ ሰው በመታመሙ ነው። ከ2017ቱ ማሻሻያ በፊት የደረጃ «ለ» ግብር ከፋዮች ሂሳብ ይዘጋ የነበረው በሐምሌና በነሐሴ፣ ክረምቱ በገባበት፣ የወባው ወራትም በተቃረበበት ጊዜ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይከብዳል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ የእምቢታ ብቸኝነት ነው። «ሁለት መዝገብ» የሚለውን ቃል በዚህ አዳራሽ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለገቢዎች። ደንበኛው ይህን ሲጠይቅ፣ ጠያቂው ጎረቤት ነው፤ ምናልባትም ዘመድ ነው፤ በሠርግና በለቅሶ የሚገናኙ ናቸው። ባለሙያው እምቢ ቢል ደንበኛው ተነሥቶ መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ይሄዳል። ያ ሌላ ባለሙያ እሺ ካለው፣ እምቢ ያለው ገቢውን አጥቶ ሐቀኝነቱን ብቻ ይዞ ይቀራል። በዚህ ዐይነት ሁኔታ ውስጥ ሐቀኝነትን ከግለሰብ ጀግንነት ብቻ መጠበቅ ሥርዓት አይባልም።

ጦርነቱ ያሳየው

ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆቦና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ተመልሶ መጥቷል፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የጠፋው የሰው ሕይወት ከማንኛውም ሂሳብ በላይ ነው፤ እኔም በሰነድ መጥፋት ልመዝነው አልሞክርም። ሆኖም የሙያችን ድርሻ የሆነው ጉዳይ ይህ ነውና ልናገረው ይገባል፤ ሱቅ ሲዘረፍ ደረሰኝም ይጠፋል፤ ቢሮ ሲቃጠል መዝገብም ይቃጠላል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ወቅት የደረሰበት ዝርፊያና ውድመት የሚታወቅ ነው፤ አንዲት ኪራይ ክፍል ያለው ባለሙያማ ምን መከላከያ ነበረው?

የታክስ አስተዳደር ሕጉ ግብር ከፋዩ ሰነዱን ከአምስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ጠብቆ እንዲያቆይ ይጠይቃል። መዝገብ በሌለ ጊዜ ደግሞ ባለሥልጣኑ ግብሩን በግምት የመወሰን ሥልጣን አለው። ስለዚህ መዝገቡን ያጣ ነጋዴ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ በመጀመሪያ ንብረቱን ያጣል፣ ቀጥሎም ማጣቱን የሚያስረዳበትን ማስረጃ ያጣል። የጠፋ መዝገብ ግን ሙሉ በሙሉ የጠፋ አይደለም። የባንክ መግለጫ አለ፤ ያቀረበለት ጅምላ ነጋዴ ዘንድ የደረሰኝ ቀሪ አለ፤ ቀደም ሲል ለግብር መሥሪያ ቤት የቀረበ ማስታወቂያ አለ፤ የጭነት ሰነድ አለ። ከእነዚህ ቁርጥራጮች መዝገብን መልሶ ማቋቋም የሚቻል፣ ግን እጅግ አድካሚ የሆነ ሥራ ነው። የአንዱ ደንበኛ ሽያጭ የሌላው ደንበኛ ግዥ በመሆኑ፣ ባለሙያዎቹ በደንበኞቻቸው ፈቃድ ተቀምጠው ቢተያዩ፣ የአንዱ የጠፋ ገጽ በሌላው መደርደሪያ ላይ ሊገኝ ይችላል። ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ይህን ዕድል አያገኝም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ መንገድ ሲዘጋና የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ፣ ከሩቅ በሚመጣ ድጋፍ ላይ ብቻ መታመን ምን ያህል ስስ መሆኑን አይተናል። አዲስ አበባ ያለ አማካሪ በስልክ በማይገኝበት ወር፣ የሚገኘው በእግር የሚደረስበት ባልደረባ ብቻ ነው።

ያሉን ተቋማትና ርቀታቸው

በአገራችን የሙያ ማኅበር የለም ማለቴ አይደለም። የኢትዮጵያ የሂሳብና የኦዲት ሙያተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው። ከአዋጅ ቁጥር 847/2006 ወዲህ ደግሞ ሙያውን የሚመዘግብና የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቁሟል። ቦርዱ ግን ተቆጣጣሪ ነው፤ ተቆጣጣሪ ደግሞ፣ ቢፈልግም እንኳ፣ ባልደረባ ሊሆን አይችልም። ባለሙያ የተጠራጠረበትን ሁሉ ለተቆጣጣሪው አይናገርም።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1978 በሕግ የተቋቋመ ብሔራዊ የሂሳብ ባለሙያዎች ተቋም አላት። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ በዓለም የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የንጉሣዊ ቻርተር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1854 በስኮትላንድ ኤዲንብራ ነው፤ ግላስጎው በዓመቱ ተከተለች። ከዚህ ታሪክ ልንወስደው የሚገባን ነገር አለ። እነዚያ ማኅበራት የተጀመሩት በአንድ አገር ደረጃ አይደለም፤ በአንዲት ከተማ ውስጥ እርስ በርሳቸው በሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች ነው። ብሔራዊው አካል በኋላ የመጣ ነው። እኛ ግን ብሔራዊውን አካል ስንጠብቅ ከተማውን ረሳነው።

ደቦና ወንፈል

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ደቦ ምንድን ነው? አንድ ገበሬ አዝመራው ሲደርስ ምግብና መጠጥ አዘጋጅቶ ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ በአንድ ቀን ይታጨዳል፤ እየተዘፈነ፣ እየተበላ ያልፋል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይበተናል። የመጣው ሰው ዕለቱን በብድር አልሰጠም፤ ባለ ደቦውም በቀን የሚቆጠር ዕዳ የለበትም። ወንፈል ግን ሌላ ነው። ጥቂት የሚተዋወቁ ሰዎች ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን እርሻ በተራ ይሠራሉ፤ ቀን በቀን፣ ጥማድ በጥማድ ይመለሳል። ማንም ሳይጽፈው ሁሉም ያስታውሰዋል። ያልመለሰ በሚቀጥለው ዙር አይጠራም።

የባለሙያዎቻችን መሰባሰቢያዎች ባመዛኙ ደቦ ናቸው። አውደ ጥናት ይጠራል፤ ሻይና ምሳ ይቀርባል፤ አበል ይከፈላል፤ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ከዚያ ሁሉም ይበተናል። ደቦ መጥፎ ነገር አይደለም፤ አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራን በአንድ ቀን ይፈጽማል። የሂሳብ ባለሙያው ችግር ግን የአንድ ቀን አዝመራ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ ሥራ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ወንፈል ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ አንድ ነገር ግን አይነግረንም፤ ሎሚዎቹን ማን ይቆጥራል? ካልተቆጠሩ ጥቂቶች አሥር አሥር ይሸከማሉ፤ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። በየማኅበሩ የምናየው መፍረስ ከዚህ ይመጣል። ዐዋቂው ሲጠየቅ ይኖራል፤ በመጨረሻም ይደክመውና ስልኩን ማንሣት ይተዋል። የሂሳብ ሰዎች እርስ በርስ ለሚሰጣጡት ሰዓት መዝገብ አለመያዛቸው የሚያስገርም ነው።

ወንፈሉ በተግባር ምን ይመስላል? ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ፣ ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎቢዬና ከወልድያ የተውጣጡ ባለሙያዎች በቂ ናቸው። አምስት ነገሮችን ይስማማሉ።

አንደኛ፣ ንባቡን ይከፋፈላሉ። እያንዳንዱ አንድ ሕግ ይረከባል፤ አንዷ ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ አንዱ የክልሉን የገቢ ግብር፣ ሌላው የኅብረት ሥራ ማኅበራትን። የተረከበው ለውጡን ተከታትሎ ለሌሎቹ ያስረዳል።

ሁለተኛ፣ በወር ሁለት ጊዜ ለጥያቄ ይቀመጣሉ። መልሱ የአዋጁን አንቀጽ ጠቅሶ በጽሑፍ በጋራ መዝገብ ይሰፍራል። ከገበሬ ስለሚገዛ ማሽላ የተሰጠው መልስ አንድ ጊዜ ተጽፎ ከተቀመጠ፣ በየሱቁ የተለያየ መልስ መስጠት ይቀራል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ በስም የታወቀ ተተኪ ይኖረዋል። ይህም ከደንበኛው ጋር በሚፈረመው የሥራ ውል ውስጥ ይገባል፦ «እኔ ብታመም ወይም ብርቅ፣ በእኔ ምትክ የሚያስተናግድህ እገሌ ነው»። ያኔ 21ዱ ቀን በተዘጋ በር ፊት አያልቅም።

አራተኛ፣ ሥራቸውን ይተያያሉ። እያንዳንዱ ሂሳብ ከመዝጋቱ በፊት ቢያንስ አንድ ፋይል ለባልደረባው ያስነብባል። የፓምፑን ቅናሽ የሚጠይቀው ሁለተኛ ዐይን የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ለመከራ ጊዜ የሚሆን ነገር ያስቀምጣሉ። ለዚህ ወሎ የራሱ ተቋም አለው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የሙያ ቅሬ ለሞት ብቻ መሆን የለበትም፤ የደንበኞች ሰነድ ቅጂ በሌላ ከተማ እንዲቀመጥ ማድረግም፣ ሐሰት አልጽፍም ብሎ ደንበኛ ያጣውን ባልደረባ ለጥቂት ወራት ማቋቋምም የቅሬ ሥራ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሦስቱም ተገቢ ናቸው።

የመጀመሪያው ምሥጢር ነው። የሙያችን ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ የሚያስቀምጣቸው መሠረታዊ መርሖች አምስት ናቸው፤ ሐቀኝነት፣ ገለልተኝነት፣ ሙያዊ ብቃትና ጥንቃቄ፣ ምሥጢር ጠባቂነት፣ ሙያዊ ጠባይ። ሰዎች ተሰብስበው የደንበኞቻቸውን ጉዳይ ቢያወሩ አራተኛው መርሕ አይፈርስምን? በስም አለመጥራት በአዲስ አበባ ይበቃ ይሆናል። በትንሽ ከተማ ግን «አንድ የነዳጅ ማደያ ባለቤት» ማለት ስሙን ከመጥራት አይለይም። ስለዚህ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፋይል ማሳየትም ሆነ ቅጂ ማስቀመጥ በደንበኛው የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ይሁን። ሊታወቅ የሚችል ጉዳይ ደግሞ በከተማው ጉባኤ ላይ አይቅረብ፤ ለሌላ ከተማ ባልደረባ ለብቻው ይቅረብ። ወንፈሉ ከአንድ ከተማ በላይ እንዲሆን የምመክረውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ፉክክር ነው። «ዕውቀቴን ለተፎካካሪዬ ለምን እሰጣለሁ?» መልሱ ወንፈሉ ውስጥ አለ፤ አልሰጠኸውም፣ አበድረኸዋል። ደግሞም ደንበኛ የሚሸሸው ከአንድ ባለሙያ ወደ ሌላው ብቻ አይደለም፤ በሙያው ላይ እምነት ሲያጣ ከሁሉም ይሸሻል።

ሦስተኛው ከሁለተኛው በተቃራኒ ይመጣል፤ ተሰብስበው ዋጋ ቢወስኑስ? ይህ ሥጋት ቀላል አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በተፎካካሪዎች መካከል የሚደረግ የዋጋ ስምምነትን ይከለክላል። ስለሆነም የወንፈሉ የመጀመሪያ ሕግ «ስለ ክፍያ መጠን አንነጋገርም» የሚል መሆን ይኖርበታል። መደጋገፍ በደንበኛው ላይ ወደ ማደም የሚዞርበት መስመር እዚህ ላይ ነውና።

ስለ እምቢታው አንድ ነገር ልጨምር። ያው የሥነ ምግባር ደንብ አዲስ ደንበኛ የሚረከብ ባለሙያ፣ ደንበኛው ሲፈቅድ፣ የቀድሞውን ባለሙያ «ሥራውን እንዳልቀበል የሚያደርገኝ ነገር አለን?» ብሎ እንዲጠይቅ መንገድ ያሳያል። ደንበኛው ካልፈቀደም አለመፍቀዱ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። በቆቦ ባሉ ባለሙያዎች መካከል ይህች አንዲት ልማድ ብቻ ብትጸና፣ እምቢ ያለው ሰው ብቻውን አይቀርም፤ መንገዱን ተሻግሮ የሄደው ደንበኛም ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል። የግለሰብ ጀግንነት ይጠይቅ የነበረው ነገር ተራ የሥራ ሥነ ሥርዓት ይሆናል።

የዩኒቨርሲቲ ድርሻ

ከፍተኛ የትምህርት ተቋም በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አለው? መሪ መሆን የለበትም፤ መሪ ከሆነ ነገሩ ተመልሶ ደቦ ይሆናል። ሦስት ነገር ግን ማድረግ ይችላል። የፌዴራሉንና የክልሉን አዋጆች፣ ደንቦችና መመሪያዎች ከነማሻሻያዎቻቸው በአንድ ስፍራ አሰባስቦ፣ ኢንተርኔት በሌለበትም ቀን እንዲገኙ በወረቀት ማስቀመጥ ይችላል። ለባለሙያዎቹ ስብሰባ ከደንበኛም ከግብር መሥሪያ ቤትም ነጻ የሆነ ክፍል መስጠት ይችላል። ተማሪዎቹንም ለተግባር ልምምድ ሲልክ፣ ብቻውን ለሚሠራ ባለሙያ ረዳት አድርጎ መላክ ይችላል፤ ተማሪው ባንክ ውስጥ ቆሞ ከሚያልፍበት ወር ይልቅ፣ በአንዲት ኪራይ ክፍል ውስጥ የአንድ የእህል ነጋዴን መዝገብ ከደረሰኝ እስከ ትርፍና ኪሳራ መግለጫ ሲዘጋ ያየበት ወር የበለጠ ያስተምረዋል።

ወንፈሉ ራሱ ሕጋዊ መልክ ልያዝ ቢል የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሙያ ማኅበራት መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ማኅተምና ደብዳቤ አስቀድመው፣ ሥራው በኋላ እንዲመጣ አልመክርም። መጀመሪያ ለአንድ የግብር ዘመን፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ ይሠራ። ሰዓቱ ይቆጠር፤ ጥያቄዎቹ ይጻፉ፤ ተተኪዎቹ ይታወቁ። ዓመቱ ሲዘጋ የጋራ መዝገቡን ከፍተው ማን ምን እንደሰጠ፣ ማን ምን እንደተቀበለ ይመልከቱ። ሚዛኑ ከተቀራረበ ማኅበሩ አለ ማለት ነው፤ ምዝገባው ይህንኑ ማጽደቂያ ብቻ ይሆናል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ብዙዎች ባንክ ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት ለመግባት ታስባላችሁ፤ መልካም ነው። የተወሰናችሁ ግን ወደየትውልድ ከተማችሁ ተመልሳችሁ የራሳችሁን በር ትከፍታላችሁ። በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ስሞች በእጃችሁ ይኑሩ፤ የማትመልሱትን ጥያቄ የምታቀርቡለት ሰው ስም፣ እና በማትኖሩበት ቀን ደንበኞቻችሁን የሚቀበል ሰው ስም። የራያ ገበሬ ወንፈል ሳይኖረው ክረምት አይገባም። ሐምሌም ለእኛ ክረምት ነው።